ስኮላርሺፕ ስጦታ አይደለም፣ ደመወዝ ነው

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ነው። የበኩር ልጃችን 17 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። ሯጭ ነው። በትምህርቱም ጎበዝ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንጂነር እሆናለሁ ይላል። አሁን በሌላ ስቴት ያለ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ በቴሌቪዥን የሚታይ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ 40 በመቶ ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን ብሎታል። የዓመቱ ወጪ በጠቅላላ 52 ሺህ ዶላር ነው። አሰልጣኙ ግን ‹የኢንጂነሪንግ ላብራቶሪ ከልምምድ ጋር ይጋጫል፤ ቀለል ያለ ሜጀር (የትምህርት ዘርፍ) ብትይዝ ይሻላል› አለው። አንድ ትንሽ ኮሌጅም ይፈልገዋል። ኢንጂነሪንግ አለው፤ ለስፖርት ግን ገንዘብ አይሰጥም። ዋጋው 68 ሺህ ይላል። ባለቤቴ ይህን ሲያይ ወረቀቱን ወረወረው። እሱ ታክሲ ይነዳል። እኔ ማታ ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ‹ልጄ ስኮላርሺፕ አገኘ› ብሎ ለማኅበሩ ሁሉ ተናግሯል። ‹አሁን እኮ ለኮሌጅ ስፖርተኛ ሚሊዮን ነው የሚከፈለው› ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ልጄ የሚሄደው ሊማር ነው ወይስ ሊሮጥላቸው? — የሯጩ እናት»

ውድ እህቴ፣

የመጨረሻዋን ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኳት። ፍርሃትዎ ልክ ነው። ከማያውቅ ሰው የመጣ ፍርሃትም አይደለም። ብዙ የተማሩ አሜሪካውያን ወላጆች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ይፈርማሉ። እርስዎ ከማታ ሥራ መልስ ቁጭ ብለው ጠየቁ። ልጅዎ ዕድለኛ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ለእኛ ለምን ግር እንደሚለን ልንገርዎ። አገር ቤት ሯጭ ከሆንክ ክለብ ትገባለህ። መከላከያ፣ ንግድ ባንክ፣ ማረሚያ ቤት። ደመወዝህን የሚከፍልህ ክለቡ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ትማርበታለህ። አሜሪካ ሁለቱን አጋባቻቸው። እዚህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ክለብ ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ በ2022 ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር የተፈራረመው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የተባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ2023 የፉትቦል አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፣ ውሉን ለማፍረስ ብቻ ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር የመክፈል ግዴታ ገባ። ሰውየው ከእንግዲህ እንዳይሠራ ማለት ነው! በብዙ ስቴቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከፍተኛ ደመወዝ የሚያገኘው ገዢው አይደለም፤ የሐኪም ቤት ኃላፊውም አይደለም። የኮሌጅ አሰልጣኝ ነው።

እንግዲህ ባለቤትዎ «ሚሊዮን ይከፈላል» ሲሉ ከመሬት ተነስተው አይደለም። ነገሩ አለ። ለረጅም ጊዜ ተጫዋቾች ከስኮላርሺፕ ውጭ ሳንቲም እንዳይነኩ ይከለከሉ ነበር። በሐምሌ 2021 በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ ሠርተው እንዲያገኙ ተፈቀደ። በሰኔ 2025 ደግሞ አንዲት የካሊፎርኒያ ዳኛ አንድ ትልቅ የፍርድ ቤት ስምምነት አጸደቁ። የቀድሞ ተጫዋቾች ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንዲያገኙ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ከፈለጉ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

አሁን እዚህ ላይ ባለቤትዎን ይጥሯቸው። አብራችሁ አንብቡት። ያ ገንዘብ እንዴት ይከፋፈላል? ካሳው ሲከፋፈል የተያዘው ስሌት እንዲህ ነው፤ 75 በመቶ ለአሜሪካን ፉትቦል፣ 15 በመቶ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 በመቶ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ። የቀረው 5 በመቶ ለሌላው ስፖርት ሁሉ። ብዙ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች አዲሱንም ክፍያ ከዚህ ብዙ ሳይርቁ ነው የሚያከፋፍሉት። ሩጫ ያለው በዚያች 5 በመቶ ውስጥ ነው። ከዋናተኛው፣ ከቴኒሱ፣ ከጎልፉ፣ ከትግሉ፣ ከእግር ኳሱ ጋር። ሚሊዮኑ አለ። ለልጅዎ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እንዲያውም ይኸው ስምምነት ለሯጮች ነገሩን አጥብቦታል። ድሮ የሚገደበው የስኮላርሺፑ ቁጥር ነበር፤ ቡድኑ ውስጥ ግን ያለ ገንዘብ የሚሮጥ ልጅ እንደልብ ይያዝ ነበር። አሁን በስምምነቱ የገቡ ትምህርት ቤቶች የቡድኑ አባላት ቁጥር ራሱ ተገድቦባቸዋል። ለአገር አቋራጭ 17 ሰው ነው። አሰልጣኙ 17 ቦታ ብቻ ካለው ቶሎ የሚያሸንፍለትን ይፈልጋል። ከኬንያና ከሌላ አገር የሚመጡ፣ በዕድሜ የበሰሉ ሯጮች አሉ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዘዋወሩም አሉ። ከ2024 ወዲህ ትምህርቱን እስከያዘ ድረስ ተማሪ የፈለገውን ያህል ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ይችላል። ለልጁ ነፃነት ነው። ለአሰልጣኙም ነፃነት ነው፤ የ18 ዓመት ልጅ እስኪጎለምስ መጠበቅ የለበትም።

እስካሁን ስለ ገንዘቡ ነው ያወራሁት። ልነግርዎ የፈለግኩት ዋና ነገር ግን ስለ ትምህርቱ ነው።

እኛ «ስኮላርሺፕ» ስንል ሽልማት ይመስለናል። ጎበዝ ስለሆነ ተሰጠው እንላለን። የስፖርት ስኮላርሺፕ እንደዚያ አይደለም። ደመወዝ ነው። ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ነው። ብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በውድድር ወራት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንብ አለው። ጉዞው ግን በዚህ አይቆጠርም። ሕክምናው አይቆጠርም። ማኅበሩ ራሱ ተማሪዎቹን ሲጠይቅ የዲቪዥን ዋን (የከፍተኛው ደረጃ) አትሌቶች በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ ለስፖርት እንደሚያውሉ ይናገራሉ። የረጅም ርቀት ሯጭ ደግሞ ዕረፍት የለውም። ትምህርት ሲከፈት አገር አቋራጭ፣ በብርዱ ወራት የቤት ውስጥ ውድድር፣ ከብርዱ በኋላ ትራክ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከ52 ሺህ 40 በመቶ 20,800 ዶላር ነው። በሳምንት 30 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ብንል 1,200 ሰዓት ይሆናል። በሰዓት 17 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። 17 ዶላር የላብ ዋጋ ነው። እርስዎም ባለቤትዎም የሰዓት ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጃችሁ ሥራ እየተቀጠረ ነው። ደመወዙ የሚከፈለው ደግሞ በትምህርት ነው።

«ተማሪ አትሌት» የሚለው ቃል ራሱ እንዴት እንደመጣ ያውቃሉ? በ1955 ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ የሚከፈለውን ካሳ ጠየቀች። ጉዳዩ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1957 ፍርድ ቤቱ ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ የለም ብሎ ፈረደባት። የኤንሲኤኤ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ዋልተር ባየርስ በኋላ ራሳቸው እንደጻፉት፣ ማኅበሩ ያን ቃል ያወጣውና ያስለመደው በዚያው ዘመን፣ ተጫዋቾች እንደ ሠራተኛ እንዳይቆጠሩ ነው። ከመክፈል የሚያድን ቃል ነበር። «ሠራተኛ አይደለም፤ ተማሪ ነው» ተባለ። መልካም። ተማሪ ከሆነ እንግዲህ ያስተምሩት!

ሳያስተምሩ የቀሩበት ጊዜ አለ። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል ያለው፣ በአገሩ ከተከበሩት አንዱ ነው። በ2014 የወጣ ምርመራ እንዳሳየው፣ ለ18 ዓመት ያህል አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ክፍል የማይገባባቸው፣ መምህር የማያስተምራቸው ኮርሶች ነበሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ይገባል። ጥሩ ማርክ ይሰጣል። ከ3,100 በላይ ተማሪዎች በዚህ አልፈዋል። ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች ነበሩ። በ2017 ኤንሲኤኤ ኮርሶቹ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ በደንቤ መቅጣት አልችልም አለ። እነዚያ ልጆች ሮጠዋል፣ ዘለዋል፣ ስታዲየም ሞልተዋል። ደመወዛቸው ግን ባዶ ፖስታ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ወደ አሰልጣኙ ቃል ልምጣ። «ቀለል ያለ ሜጀር ብትይዝ» ያለው። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እውነቱን ቀድሞ መናገሩም ያስመሰግነዋል፤ ብዙዎች ልጁ ከፈረመ በኋላ ነው የሚነግሩት። ግን ምን እንዳለ በደንብ ይስሙት። «ከጉልበትህ እንጂ ከሕልምህ ጋር ጉዳይ የለኝም» ነው ያለው። አሰልጣኙ የሚቀጠረውም የሚባረረውም በውድድር ውጤት ነው። ልጅዎ ከተመረቀ በኋላ ድልድይ ቢሠራ ባይሠራ እሱን ማንም አይጠይቀውም።

«ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ቀለል ያለ ይያዝ፣ በኋላ ይቀይራል» ሊሏችሁ ይችላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ደንብ አለ። የዲቪዥን ዋን አትሌት ለመወዳደር በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የዲግሪውን 40 በመቶ፣ በሦስተኛው 60 በመቶ፣ በአራተኛው 80 በመቶ መጨረስ አለበት። ደንቡ የወጣው ልጆች ሳይመረቁ እንዳይቀሩ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ሌላ በርም ይዘጋል። ልጁ ሁለት ዓመት ቀላል ኮርስ ወስዶ ኢንጂነሪንግ ልግባ ቢል፣ የወሰዳቸው አብዛኞቹ ኮርሶች ለኢንጂነሪንግ አይቆጠሩም። 40 በመቶው ለምሳሌ ወደ 15 ይወርዳል። መወዳደር አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ እዚያው በጀመረበት ይቆያል። ካልኩለስና ፊዚክስ ደግሞ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ካልተጀመሩ ሁሉንም ወደ ኋላ ይጎትታሉ። «በኋላ ይቀይራል» የሚለውን ቃል አይመኑት።

አንድ የማውቀውን ልጅ ላንሳልዎ። ከዓመታት በፊት ጎረቤታችን የነበረ፣ ያሳደግነው ያህል የምናውቀው ነው። ለአሜሪካን ፉትቦል ተመልምሎ ሩቅ ሄደ። እናቱ ድግስ ደግሳ ነው የሸኘችው፤ እኔም ዳቦ ይዤ ሄጃለሁ። ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ጉልበቱ ተሰበረ። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። አልታደሰም። ቤቱ ሲመለስ ያጠራቀመውን የኮርስ ክሬዲት ለየትኛውም ሥራ የሚሆን ነገር ማድረግ አልተቻለም። ራሱ አልመረጠውም፤ አማካሪ ነው የመረጠለት። ለሁለት ዓመት ያህል ከቤት አልወጣም። ዛሬ ነርስ ነው፣ ደህና ነው፣ ልጅ ወልዷል። ግን ያን ሁለት ዓመት እናቱ ስታወራው ድምጿ ይቀየራል።

ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተሻሽለዋል፤ እሱንም መናገር ተገቢ ነው። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤቶች በስፖርቱ ለደረሰ ጉዳት ልጁ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሕክምናውን የመሸፈን ግዴታ አለባቸው። ስኮላርሺፕን በጉዳት ወይም ባነሰ ውጤት ምክንያት መንጠቅም ከበፊቱ በጣም ከብዷል። ቢሆንም ስኮላርሺፕ ማጣትና ከቡድን መውጣት የተለያዩ ናቸው። ከ17ቱ መሐል ያልገባ ልጅ ምን እንደሚሆን ጠይቁ።

ስፖርት ይቅር እያልኩ እንዳይመስልዎ። እኔ በሲድኒ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው ጎረቤት ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ሲጮህ ከጮኹት አንዱ ነኝ። ሩጫ ለእኛ ሕዝብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅዎ ሲሮጥ አባቱ ምን እንደሚሰማቸውም ይገባኛል። ደግሞ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። ያሬድ ንጉሤን ለባለቤትዎ ያስታውሷቸው። ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች ልጅ ነው፤ ያደገው ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ነው። በኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ ባዮኬሚስትሪ ተማረ። በ2019 የኮሌጆች ሻምፒዮና ላይ በ1500 ሜትር አሸነፈ። የጥርስ ሐኪም የመሆን ዕቅድ ነበረው። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ3 ደቂቃ ከ27.80 ሰከንድ ገብቶ ነሐስ ወሰደ። ባዮኬሚስትሪ ቀላል ሜጀር አይደለም፤ የከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ አለው። እሱ ስለቻለ ሁሉም ይችላል አልልም። ግን «ላብራቶሪና ልምምድ አብረው አይሄዱም» የሚለው ነገር የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የአንድ አሰልጣኝ ምርጫ ነው። ሌላ አሰልጣኝ ሌላ ይመርጣል።

ከኮሌጅ አትሌቶች ሁሉ በስፖርቱ ተቀጥረው የሚኖሩት፣ በኤንሲኤኤ በራሱ ስሌት፣ ከመቶ ሁለት አይሞሉም። በሩጫ ደግሞ እንደ አገር ቤት ያለ ክለብ እንኳ የለም። የጫማ ኩባንያ ውል ካላገኙ ኑሮ የለም። ስለዚህ ልጅዎ በ22 ዓመቱ ምን ይዞ እንደሚወጣ ነው ዋናው ጉዳይ።

አሁን ስለ 40 በመቶው። የቀረው 31,200 ዶላር በዓመት ነው። በአራት ዓመት 124,800። ባለቤትዎ «ስኮላርሺፕ አገኘ» ያሉት ይህን ጨምሮ ነው። ከየት ይመጣል? በወላጅ ስም ብድር ከሆነ እርስዎ በማታ ሥራዎ ከጡረታ ዕድሜ በኋላም ይከፍሉታል። ደግሞ የምን 40 በመቶ እንደሆነ ጠይቁ። የትምህርቱ ክፍያ ብቻ ነው ወይስ መኝታና ምግብም አለበት? ልዩነቱ በሺዎች ነው።

ባለቤትዎ የወረወሩትን ወረቀት ግን አንሱት። እባካችሁ አንሱት። በአሜሪካ የግል ኮሌጅ የለጠፈው ዋጋና ቤተሰብ የሚከፍለው ዋጋ አንድ አይደሉም። ያ ትንሽ ኮሌጅ ዲቪዥን ሦስት (በኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ደረጃ) ይመስለኛል። ዲቪዥን ሦስት ኮሌጆች ለስፖርት ገንዘብ አይሰጡም፤ ደንቡ ይከለክላቸዋል። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም ለስፖርት አይሰጥም። የሚሰጡት በአብዛኛው በቤተሰብ ገቢ ነው። የታክሲ ሹፌርና የአረጋውያን ተንከባካቢ ገቢ ላይ ተመሥርቶ የሚመጣው ድጋፍ ከ40 በመቶ በጣም ሊበልጥ ይችላል። የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ቤተሰብ የራሱን ዋጋ የሚያሰላበት መሣሪያ ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያስገድደዋል። ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት ይዛችሁ ከልጁ ጋር ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ፋፍሳውንም፣ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻውን፣ ቶሎ ሙሉ። ከዚያ 68 ሺህ የሚለው ቁጥር ወደ ስንት እንደወረደ ታያላችሁ። ላይወርድም ይችላል፤ ግን ሳያሰሉ መወርወር አይገባም። የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። ልጁ ነገ እግሩን ቢያመውና መሮጥ ቢያቆም ገንዘቡ አይነካም። ከእግሩ ጋር አልተሳሰረማ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ በደብዳቤዎ ስላላነሱት ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ ነው ያላችሁ። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ለነዋሪ ቅናሽ አላቸው። ኖቫ የሚባለው የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሞ ደጃችሁ ነው። የሚፈለገውን ነጥብ ላመጣ ተማሪ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመቀበያ ስምምነት አለው። በሐበሻው መሐል «ኖቫ ገባ» ሲባል የወደቀ የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው። ከዚያ የወጡ ስንት ኢንጂነሮች አሉ።

እና ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ወዲያው እምቢ አትበሉ። ጠይቁት። የሚጠይቀው ልጁ ራሱ ይሁን፣ እናንተ አጠገቡ ሁኑ። «ባለፉት አራት ዓመታት ከቡድኑ ስንት ሯጭ በኢንጂነሪንግ ተመረቀ?» ይበል። ቁጥር ይጠይቅ፤ «ብዙዎች» የሚል መልስ አይበቃም። አሁን ኢንጂነሪንግ እየተማረ የሚሮጥ ልጅ ካለ ስልኩን ይውሰድና አሰልጣኙ በሌለበት ያናግረው። የልምምዱ ሰዓት ሲጋጭ ብቻውን ወይም ጠዋት መለማመድ ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቅ። ለኢንጂነሪንግ ክፍሉ ቢሮም በቀጥታ ይጻፍላቸው፤ የስፖርት አማካሪው ብቻ እንዳይመልስለት። ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ነው ለአራት ዓመት? አምስተኛ ዓመት ቢያስፈልገውስ? ኢንጂነሪንግ ላይ አምስተኛ ዓመት የተለመደ ነው። አሰልጣኙ ነገ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሄድስ? በቃል ያለ ይረሳል፤ የሚሰጡትን መልስ በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ድሮ ልጆች የሚፈርሙት ብሔራዊ ሰነድ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የሚፈረመው ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚደረገው የገንዘብ ድጋፍ ውል ነው። ያን ውል እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ ሰው ሳያየው አይፈረም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ አለች፤ በማኅበራችሁም ጠበቃ አይጠፋም።

አሰልጣኙ አሁንም «ሜጀሩን ይቀይር» ካለ፣ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። አይሂድ። ደመወዙን ሳይከፍል ሊያሠራው ነው። 124 ሺህ ዶላር ከፍላችሁ፣ ልጁ በሳምንት 30 ሰዓት ሠርቶ፣ ያልፈለገውን ዲግሪ ይዞ መመለስ አይገባውም።

የሚከብድዎ ባለቤትዎን ማናገሩ እንደሆነ ገብቶኛል። ለማኅበሩ ተናግረዋል። ሰው ፊት የተነገረ ነገር መመለስ ለአባት ከባድ ነው። «ተሳስተሃል» ብለው አይጀምሩ። ልጁ እዚህ የደረሰው በእሳቸውም ልፋት ነው። ስንቱን ሌሊት ሲነዱ አድረው በማግስቱ ለውድድር እንዳደረሱት እርስዎ ያውቃሉ። ይንገሯቸው። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥተው 52 ሺህን በ40 በመቶ አብረው ያስሉ። ታክሲ የሚነዳ ሰው ሒሳብ አይስትም። በቀን ስንት ነድቶ ስንት ነዳጅ እንደሚሄድበት፣ ስንት እንደሚተርፈው የሚያውቅ ሰው 31,200ን ሲያይ ይገባዋል። ለማኅበሩ የሚሉት ነገርም አይጠፋም። «ልጄን ሁለት ትምህርት ቤት ፈልጎት ነበር፤ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምረውን መረጠ» ማለት ምን ያሳፍራል?

ልጁን ደግሞ ብቻውን ይጠይቁት። አሰልጣኙ ያን ሲለው ምን ተሰማው? በደብዳቤዎ ውስጥ የልጁን ድምፅ አላገኘሁትም። ምናልባት ሜጀሩን ለመተው ዝም ብሎ ተስማምቶ ይሆናል፤ ገንዘብ እንዲቀንስላችሁ ብሎ። የእኛ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ። ወላጆቻቸው ሲደክሙ እያዩ ያድጋሉ፤ ከዚያ ሳይነግሩን ይከፍሉልናል። ያን እንዲያደርግ እንደማትፈልጉ ከአፋችሁ ይስማው።

ዩኒቨርሲቲውን ለመጎብኘት ስትሄዱ ስታዲየሙን ያሳዩዋችኋል። ያምራል፣ እዩት። የተጫዋቾቹን መልበሻ ቤት፣ መመገቢያውን ሁሉ ያስጎበኛሉ። ሲጨርሱ የኢንጂነሪንግ ሕንፃው የት እንደሆነ ይጠይቁ። ከሰዓት በኋላ፣ ሯጮቹ ልምምድ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት፣ ላብራቶሪው ውስጥ ገብታችሁ እነማን እንደተቀመጡ እዩ። ያያችሁትን ይጻፉልኝ። ውሉንም ሲልኩላችሁ የልጁን ስም ሸፍነው ቢልኩልኝ አብሬያችሁ አነበዋለሁ።